ደም መጣጩ ሲጠግብ

የመጀመሪያዋ ደዋይ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም።

«ሾርባ እየጠጣሁ ነበር!» አለች። «ሰማሽኝ? ሾርባ! ያውም ቀይ!»

«በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ የትኛው ፕሮግራም ነው?»

«ስለ የትኛው ትለኛለች እንዴ! ስለ ደም መጣጩ ነዋ! ሰውየው የልጅቷ አንገት ላይ ተለጥፎ ሲመጥ፣ ኧረ ድምፁ! ድምፁ! ማንኪያውን ከአፌ አውጥቼ ወረወርኩት። ባለቤቴ እስካሁን ይስቅብኛል፤ እሱም ግን ሾርባውን አልጨረሳትም።»

«ቅሬታዎን ለክፍሉ አደርሳለሁ።»

«አድርሺልኝ። በደንብ አድርሺልኝ።» ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለመሆኑ ልጅቷ ሞተች?»

«በሚቀጥለው ክፍል የሚታወቅ ይመስለኛል።»

«መቼ ነው እሱ?»

የተመልካቾች ስልክ የሚመለስበት ክፍል በቴሌቪዥን ጣቢያው ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚያሳየው ጄነሬተር ነው። ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተገጥሟል፤ በአንደኛው የምትቀመጠውን ጣቢያው በሙሉ ሬዲዮ ይላታል፤ ጠዋት የሰማችውን ለምሳ ሳይደርስ ሕንጻው እንዲያውቀው ስለምታደርግ። በሌላኛው የምትቀመጠው ደግሞ፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ዝምታ ናት። ዝምታ ስሙን አልጠላችውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲያውም ተመችቷታል፤ ዝም ያለ ሰው ስሙ ዝምታ ከሆነ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ሥራዋ ሰው የተናገረውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለኃላፊዎች ማድረስ ነው። ተመልካቹ ሲሳደብ ስድቡን፣ ሲያመሰግን ምስጋናውን ታደርሳለች። በዩኒቨርሲቲ የተማረችው ቋንቋ ነበርና ሰው የመረጣትን ቃል በራሷ ቃል መተካት ነውር ይመስላታል። ሬዲዮ ግን አንዱ «ቀፈፈኝ» ካላት «ሆስፒታል ገብቷል» ብላ ነው የምታስተላልፈው።

ያን ቀን ጠዋት ግን ሬዲዮም የምትጨምረው አጣች። ማታ ከዜና በኋላ የአዲሱ አስፈሪ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ተላልፎ ነበር፤ ስልኩ ከዚያ ወዲህ ፋታ አላገኘም። ጡት የምታጠባ እናት ደወለችና ልጇ ሲጠባ ደም መጣጩ ትዝ እያላት ገላዋ እንደሚሸማቀቅ ነገረቻቸው። አንድ የታክሲ ሹፌር ከኋላ የተቀመጠ መንገደኛ በስትሮው ጭማቂ ሲስብ ሰምቶ መኪናውን እንዳቆመ፣ ሰውየውን እንዳስወረደው፣ መንገደኛውም «ምን አደረግሁ?» እያለ አስፋልቱ ላይ እንደቀረ ተናዘዘ። ሥጋ ሻጩ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር።

«እኔ ሥጋ ሻጭ ነኝ» አለ ሻካራ ድምፅ። «ደም አይቼ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ደሙ እንዲያውም የውሸት ነው፤ ይታወቃል። መምጠጡንም ልቻለው። ግን መጨረሻ ላይ ያቺ ትንፋሽ፣ ሰምተሻታል? ጨርሶ ቀና ሲል «እእምም» ይላል እኮ! ጣመው እኮ! ያኔ ሆዴ ተገለባበጠ። ዛሬ ጠዋት ቢላዬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ደንበኞቼ ቆመው ያዩኛል!»

«ትንፋሹ ነው የቀፈፈዎት።»

«ትንፋሹ! ጻፊው፤ ትንፋሹ። ሊያገሳ እኮ ትንሽ ነው የቀረው!» ሥጋ ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድጋሚው እሑድ ነው አይደል? ወንድሜ አምልጦት ነው፤ ለእሱ ብዬ ነው።»

ሬዲዮ የራሷን ስልክ ዘግታ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «ኧረ ትንፋሹ ገደለን! የኔዋም ትንፋሹን ነው የምትለው። ምን ዓይነት የተረገመ ሰው ነው እንደዚያ የሚተነፍሰው? አንቺስ አየሽው ዝምታዬ?»

«አየሁት።»

«ታዲያ አልቀፈፈሽም?»

«ቀፎኛል» አለች ዝምታ፣ የሚጮኸውንም ስልክ አነሳች።

እውነቷን ነበር። ማታ ከአማቷ ጋር ሳሎን ሆነው ሲያዩት፣ እሷ የአማቷን የክት ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። አማቷ ሶፋው ጫፍ ላይ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠው፣ ደም መጣጩ ከጨለማው ብቅ ባለ ቁጥር «ወግድ!» ይሉታል። ከዚያ ሰውየው ልጅቷን ይዞ አንገቷ ላይ ጎነበሰ፤ መምጠጡ ተሰማ፤ እርጥብ፣ የማይቸኩል፣ ከንፈርና ጥርስ ተጋግዘው የሚሠሩት ድምፅ። ዝምታ ፊቷን አጨማደደች። የሆነ ቦታ የምታውቀው ድምፅ ነው ብላ ሳትጨርስ ትንፋሹ መጣ። እእምም። በአፍንጫ የጀመረ፣ ደረት ውስጥ ወርዶ የሚያልቅ፣ የጠገበ ሰው ትንፋሽ።

የባሏ ነበር።

ካውያውን ከቀሚሱ ላይ አላነሳችም። ሽታው ሲመጣ ነው የነቃችው፤ የካውያው አፍ ቀሚሱ ጫፍ ላይ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። ቀና ስትል አማቷ ሶፋው ላይ የሉም፤ ወጥ ቤት ገብተው ቧንቧ ከፍተዋል። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ቆየ። ተመልሰው ሲመጡ «እንዴት ያለ ጸያፍ ነገር ነው» ብቻ ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ። ስለ ተቃጠለው ቀሚስ አንዳቸውም አልተነፈሱም።

ባሏ የዚሁ ጣቢያ ድምፅ ሠሪ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ድራማ በአገር ቋንቋ ሲቀዳ የተዋናዮቹ ድምፅ ሲነሳ ሌላውም አብሮ ይነሳል፤ ኮቴው፣ በሩ፣ ብርጭቆው፣ ጉንጭ የሚመታው ጥፊ ሳይቀር። ያን ሁሉ እንደ አዲስ የሚሠራው እሱ ነበር። አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ካሮት ነው፤ በረዶ ላይ መራመድ ደግሞ በጨርቅ የታሰረ ዱቄት። ዕድሜውን ለሌላው ሰው ኮቴና ጥፊ ሲሰጥ ኖሮ የራሱን ድምፅ የትም ሳያስቀር ሄደ። ፎቶ ሞልቷል። ድምፁን ግን ማን ይቅዳው? ማይክሮፎኑን የሚይዘው እሱ ነበራ።

ማንጎ ሲበላ ደግሞ ለጉድ ነበር። እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ወጥ ቤት ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጭማቂው በክርኑ እየወረደ፣ ፍሬውን ከዳር እስከ ዳር ይመጠዋል፤ ሲጨርስ «እእምም» ይላል። በቢላና በሳህን ያደገችው ሚስቱ ጆሮዋን ይዛ «ኧረ እንደ ሰው ብላ!» ትለዋለች። እናቱ ካሉ ደግሞ ከሳሎን ሆነው፣ ሳያዩት፣ በድምፁ ብቻ መጨረሱን አውቀው «አፍህን ጥረግ!» ይሉታል። የጎልማሳ ጺም ያለው ሰው ታዝዞ በክርኑ ይጠርጋል። ያኔ ይቀፋት ነበር፤ ከልቧ። እሱ ከሞተ ወዲህ ቤታቸው ማንጎ ገብቶ አያውቅም።

ለሻይ ሲወጡ ሬዲዮን ወደ ካፍቴሪያው ሸኝታ እሷ ከምድር ቤቱ በታች ወዳለው ድምፅ ስቱዲዮ ወረደች። ግድግዳው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ወለሉ ላይ የጠጠር ሣጥን፣ የአሮጌ ጫማ ክምር፣ ከምንም ጋር ያልተያያዘ በር ከነመቃኑ ቆሟል። የባሏን ቦታ የያዘው ድምፅ ሠሪ ለዓመታት አብሮት የሠራ ሰው ነው። ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«እትዬ» አለ።

«የጦጣውን ነው ያስገባኸው?»

ድምፅ ሠሪው አንገቱን አቀረቀረ። ከብዙ ዓመት በፊት ባሏ ለልጆች ፕሮግራም ማንጎ የሚበላ የጦጣ አሻንጉሊት ድምፅ ሠርቶ ነበር። ልጆቹ ወደውት፣ የአገሩ ልጅ ሁሉ ፍራፍሬ ሲበላ «እእምም» ይል ነበር፤ እናቶችም አብረው ይስቁ ነበር።

«ሁሉን ሞከርኩ» አለ። «በብርቱካን ሞከርኩ፣ በእርጥብ ፎጣ ሞከርኩ፣ በራሴ ክንድ ሞከርኩ። በክንዴ የሠራሁት የመሳም ድምፅ ሆነና የልጅቷን ድምፅ የምትሰጠው ተዋናይት ሳቋ መጥቶ ቀረጻ አስቆመች። ከዚያ የጋሼ ጦጣ ትዝ አለኝ። ሳስገባው ልክክ አለ። ሳልጠይቅሽ... መጠየቅ ነበረብኝ። አወቅሽው ማለት ነው?»

«የእማማን ቀሚስ አቃጠልኩ።»

ሰውየው ከንፈሩን ሊመጥ ሲል አየችው። ከሐዘኑ ቤት ጀምሮ ስትሸሸው የኖረችው ድምፅ እሱ ነበር፤ ሰው ሁሉ ፊቷ ቆሞ ከንፈሩን የሚመጥላት።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?» አለች ቶሎ ብላ።

«ማንም።»

«እንደዚያው ይሁን።»

«ግን እትዬ፣ ሊወጣ ነው። ኃላፊው ጠዋት መጥቶ ነበር። ማስታወቂያ ያስነገረው የቲማቲም ሳልሳ ድርጅት ደውሎ ጮኾበታል። ደም መጣጩ አፉን ሳይጠርግ ሳልሳው ስክሪኑ ላይ ፈሰሰ እኮ! ለእሑዱ ድጋሚ ድምፁ እንዲቀየር ይፈልጋል። ከምሳ በኋላ እዚሁ እንሰበሰባለን፤ አንቺም ተመልካቹ ያለውን ትነግሪናለሽ።» ወደ ማሽኑ ዞር አለ። «በፍላሽ ልገልብጥልሽ? ለራስሽ?»

ፍላሹ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ታያት፤ ከሰዓቱ፣ ከመነጽሩ፣ ከቀበቶው አጠገብ። ሌላ የሟች ዕቃ። ማታ የሰማችው ግን የሟች ዕቃ አልነበረም። ባሏ ሥራ ላይ ነበር። የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያስጠይፍ አምሽቷል።

«አልፈልግም» አለች። «የሚኖር ከሆነ እዚያው ይኑር።»

ከምሳ በኋላ የድራማ ክፍል ኃላፊው ሸሚዙን እያስተካከለ ገባ። ሲናደድ ድምፁ የሚቀጥን፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ሬዲዮ ማንም ሳይጠራት መጥታ የጠጠር ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እስኪ ንገሪን» አለ ኃላፊው ለዝምታ። «ሳታለዝቢ።»

የምታለዝበው ብትሆን ኖሮ ያን ጊዜ ነበር። «አንዳንዶች ቅር ብሏቸዋል» ብላ ብታልፍ የሚጠይቃት አልነበረም። በደረጃው ስትወርድ አስባው ነበር። አፏን ስትከፍት ግን ሥጋ ሻጩ ቢላውን አንስቶ ሲመልስ መጣባት፤ በአደራ የተሰጣት ቃል ነበር።

«ቀፏቸዋል» አለች። «አቅለሽልሿቸዋል። ዘግንኗቸዋል። አንዲት ሴት ማንኪያዋን ወርውራለች፤ ሥጋ ሻጭ ሥጋ መቁረጥ አቅቶታል፤ አንድ ሹፌር ጭማቂ የጠጣ መንገደኛ አስወርዷል። አንዲት እናት ልጇን ማጥባት ቀፏታል። ስለ ደሙ የተናገረ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚሉት ድምፁን ነው፤ ከድምፁም ትንፋሹን።»

«ይኸው!» አለ ኃላፊው። ድምፁ ቀጠነ። «ይኸው እኮ! በቃ አልቋል፤ ይቀየር።»

«አልጨረስኩም። ሁሉም ስልኩን ሳይዘጉ ቀጣዩ ክፍል መቼ እንደሆነ ጠይቀዋል። ወይም ድጋሚውን። አንድ አዛውንት ብቻ አልጠየቁም፤ እሳቸውም መስመሩ ተቋርጦባቸው ነው።»

«መልሰው ደውለዋል» አለች ሬዲዮ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት። ልጅቷን እንዳትገድሏት ብለዋል።»

ኃላፊው አገጩን አሸ። ወደ ዝምታ ዞረ። «አንቺስ? ለራስሽ?»

«ቀፎኛል።»

«ታዲያ?»

«መስማት ግን አላቆምኩም።»

ድምፅ ሠሪው ማሽኑ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ኃላፊው በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለና የአሮጌ ጫማ ክምሩ አደናቅፎት ቆመ።

«ይሁን። መምጠጡ ይቆይ። የደም መጣጭ ድራማ ነው፤ ካልመጠጠ ምን ሊሠራ ነው! ያቺ ትንፋሽ ግን ትቆረጥ። ሰውን ያስጠየፈችው እሷ ናት፤ ራስሽ ነው ያልሽው።»

ራሷ ነበረች ያለችው። መምጠጡ የማንም ሰው መምጠጥ ሊሆን ይችላል። እሱ ያለው ትንፋሹ ውስጥ ነው። ድምፅ ሠሪው ቀና ብሎ አያት፤ አፉ ሊከፈት ነው። አንዲት ቃል ብትወጣ ኃላፊው ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ትንፋሹም በምጽዋት ይቀራል። በዓይኗ ከለከለችው።

«ይቆረጥ» አለች። «ግን ቆርጣችሁ መጀመሪያ ስሙት።»

ድምፅ ሠሪው ቆረጠው። መብራቱን ቀነሱ። ስክሪኑ ላይ ደም መጣጩ ልጅቷ ላይ ጎነበሰ፤ መምጠጡ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ። ሰውየው በጨለማው ውስጥ ቀና አለ። ምንም ድምፅ የለም። ሥዕሉ ተቀይሮ አንዲት ነርስ በሆስፒታል ኮሪደር መራመድ ጀመረች። ማንም ሰው ወደ ነርሷ አላየም። አራቱም አንገታቸውን ሰግገው ሌላ ነገር ይጠብቃሉ።

«ጨረሰ?» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

«ጨርሷል» አለ ኃላፊው።

«የታለ የጨረሰው? አሁንም እየመጠጠ ነው የሚመስለኝ። ኧረ ጆሮዬ ውስጥ ገባ! ኧረ እዚህ ነው ያለው!» አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አስቁሙልኝ!»

ኃላፊውም ሳይታወቀው የሸሚዙን ኮሌታ እያሸ ነበር። ነርሷ ኮሪደሩን ጨርሳ በር ከፈተች፤ በሩ ሲጢጥ ሲል ሁሉም ደነገጡ።

«መልሰው» አለ ኃላፊው። «ትንፋሹን መልሰህ አሰማኝ።»

መለሰው። መምጠጡ መጣ፣ ተጓተተ፣ ቆመ። እእምም።

ሬዲዮ «እትፍ!» ብላ ወደ ጠጠሩ የመትፋት ምልክት አሳየችና ሳቀች። ኃላፊው ደረቱ እስኪወርድ ተነፈሰ። ድምፅ ሠሪው ሳይቀር ትከሻውን ፈታ አደረገ። ስክሪኑ ላይ ነርሷ መራመድ ጀመረች፤ አሁን ሁሉም እሷን ያዩ ነበር።

«ሲያስጠላ!» አለ ኃላፊው። «ሲያስጠላ! ግን ይቆይ። ካልተነፈሰ አይለቀንም። ለሳልሳዎቹ ማስታወቂያውን ወደ ኋላ እገፋላቸዋለሁ።» በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «እንደው ማን ነው እንዲህ የሚተነፍሰው? አንተ ነህ?»

«የድሮ የልጆች ፕሮግራም ነው» አለ ድምፅ ሠሪው። «የጦጣ ድምፅ።»

«ጦጣ!» ኃላፊው እየሳቀ ወጣ።

ሬዲዮ አልሳቀችም። የልጆቹን ፕሮግራም የምታውቅ፣ ጦጣውን ማን ይሠራው እንደነበር የምታስታውስ ያረጀች ሠራተኛ ናት። ዝምታን አየቻት። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ደረጃውን አብረው ሲወጡ ክንዷን ያዘች። ያን ቀን እስከ መውጫ ሰዓት ሕንጻው ምንም ወሬ አልሰማም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ድጋሚው ሊጀምር ሲል ዝምታ ሪሞቱን አነሳች።

«ሌላ ነገር ላድርግልዎት እማማ? ያ የሚቀፈው ድራማ ነው።»

አማቷ የተቃጠለውን ቀሚስ ለብሰዋል፤ ጫፉን አጥፈው በእጃቸው ሰፍተውታል። «ተዪው» አሉ።

ደም መጣጩ ብቅ ሲል አማቷ «ወግድ» አላሉትም። ልጅቷን ይዞ ሲጎነብስ ሶፋው ላይ ወደፊት ጠጋ አሉ።

«ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ ልጄ።»

ዝምታ ከፍ አደረገችው። ሳሎኑን ያ እርጥብ፣ የማይቸኩል፣ የሚያስጠይፍ ድምፅ ሞላው፤ ቆዳዋ እንደ ድሮው ተሸማቀቀ። ከዚያ ሰውየው ቀና አለ። እእምም።

«አፍህን ጥረግ» አሉ አማቷ።

አልጮኹም። ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት የሚሰማውን ያህል ብቻ ነበር ያሉት። ዝምታ ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ ሪሞቱን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ እንደያዘች ነርሷ ኮሪደሩን ስትጨርስ አየች።

ጥቂት ቆይቶ ማስታወቂያው መጣ። ቀይ ሳልሳ ከማሰሮው እየተንጠባጠበ ስክሪኑን ሞላው።

«ይኸንንስ አጥፊው» አሉ አማቷ ፊታቸውን አጨማድደው። «ይቀፋል።»